ሁለት ባለቤት ያላት ላም

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሶዶ ከተማ በሚገኘው የሥራ ክፍላችን ውስጥ አንዲት ላም ከሁለት ባለቤቶቿ አንዷን አጣች።

ላሚቱ ራሷ በዚያ ሰዓት በዴሳ አካባቢ ባለ አንድ ጓሮ እያመነዠከች እንደነበር አልጠራጠርም። ባለቤቷ የጠፋችው ከኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ነው። በሥራ ዘመኔ ያን ያህል የተደሰትሁበት ከሰዓት በኋላ አላስታውስም፤ ደስታው ከእንዲህ ያለ ነገር መጀመሩን ራሴም ለማመን እቸገራለሁ።

ክፍላችን በዚያ ጊዜ ለሦስት ወረዳዎች የከብት መዝገብ ያዘጋጅ ነበር። የትኛው እንስሳ መቼ እንደተከተበ፣ ምን እንደታመመና የማን እንደሆነ የሚይዝ መዝገብ ነው። በዴሳ፣ ተበላና ጉኑኖ ያሉ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች በቀጣዩ ሰኞ እንዲጀምሩበት ቀጠሮ ተይዟል። ከዚያ አስቀድሞ፣ ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ «ተፈትኖ አልፏል» በሚለው ደብዳቤ ላይ እኔ መፈረም ነበረብኝ። ደብዳቤው ታትሞ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በፕላስቲክ ክላሰር ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነበር።

መዝገቡን በእጃችን አልጻፍነውም። አሠራራችን እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሞዴል እንሥላለን። ሞዴል ስል ሣጥኖችና መስመሮች ያሉበት ንድፍ ማለቴ ነው። በአንዱ ሣጥን ውስጥ «እንስሳ»፣ በሌላው «ባለቤት» ተብሎ ይጻፋል፤ በመካከላቸው መስመር ይሰመራል፤ በመስመሩ ጫፍ ላይ «አንድ» ወይም «ብዙ» የሚል ምልክት ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ኮድ አመንጪ የምንለው ፕሮግራም ንድፉን አንብቦ፣ ሰው በወራት የሚጽፈውን ኮድ በአንድ ደቂቃ ይጽፋል። የእኔ ድርሻ አመንጪውን መፈተን ነበር። በእጅ በተጻፈ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ስህተት እዚያው ይቀራል፤ የአመንጪው ስህተት ግን አመንጪው በሚጽፈው ሁሉ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ሲባል ጠንቃቃ ሰው ተፈለገና ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

የጥንቃቄዬ ማስረጃ አንድ ፎልደር ነበር። በውስጡ ሁለት መቶ አሥራ አራት ማመሳከሪያዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱ፣ ለአንድ የሙከራ ሞዴል አመንጪው የጻፈውና እኔ መስመር በመስመር አንብቤ ያጸደቅሁት ኮድ ነው። አመንጪው በተሻሻለ ቁጥር ኮዱ እንደገና ይመነጫል፤ ከማመሳከሪያው ጋር ይተያያል፤ አንዲት ፊደል ከተለየች ቀይ፣ ካልተለየች አረንጓዴ ይበራል። ቀይ ሲበራ ልዩነቱን አነባለሁ። ተገቢ ሆኖ ካገኘሁት አዲሱን ኮድ ማመሳከሪያ አደርግና ከሥሩ ቀኑንና የስሜን የመጀመሪያ ፊደላት አስቀምጣለሁ። በዚያ ሐሙስ ጠዋት ሁሉም አረንጓዴ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከበዴሳ አንድ እንግዳ መጡ። አማርኛን በወላይትኛ ዜማ የሚናገሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው፤ የመጡትም የሥልጠና ሰነድ ሊወስዱ ነበር። ሰነዱ እስኪታተም ድረስ ቅጹን ይሞክሩት ብዬ ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና የራሳቸውን ላም መመዝገብ ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው ቀና አሉ።

«መምህርት፣ እህቴ የት ሄደች?»

«የትኛዋ እህትዎ?»

«አሁን ጻፍኳት። ከዚያ የራሴን ስም ስጨምር እሷ ወጣች።»

አመንጪውን የሠራው መሐንዲስ ከጎናችን ተቀምጦ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለ አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬም እርስዎ ይለኛል። አያቱ ከጉራጌ መጥተው ገበያው አጠገብ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከከፈቱበት ጊዜ ጀምሮ ቤተሰቡ የሶዶ ነው።

«ጋሼ፣ ምናልባት ጣትዎ ሌላ ቁልፍ ነክቶ ይሆናል» አላቸው።

«ይኼ ጣት ዕድሜውን ሙሉ መርፌ ይዟል» አሉት። «የት እንደሚወጋ ያውቃል።»

ዳግመኛ ሞከሩ። የእህታቸውን ስም ጻፉ፤ ታየ። የራሳቸውን ስም ጨመሩ፤ የእህታቸው ስም ያለ ምንም ድምፅ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ «በትክክል ተመዝግቧል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ምዝገባው በትክክል ነው ይላል» አሉ፣ ወደ እኔ ዞረው። «እህቴን ነቅሎ፣ በትክክል።»

መሐንዲሱ አፍሮ እንደ መሣቅ አለ። «ጋሼ፣ ለአንድ ላም አንድ ባለቤት ቢበቃስ?»

«ለአንተ ይበቃል። የአባትህ ሀብት ሱቅ ነው፤ ሱቅ አይታለብም።»

«ኧረ ሱቁን ስድስት ወንድማማቾች ሆነን ነው የምናልበው።»

«እንግዲያው ስድስታችሁንም እዚህ ጻፍና ማን እንደሚተርፍ እንይ።»

ሣቅን። እሳቸው ግን ሣቃቸውን ቶሎ አቆሙ። ላሚቱን ባሏ ከሞተባት እህታቸው ጋር እኩል አዋጥተው እንደገዟት ነገሩን። የመጀመሪያው ጥጃ የእሷ፣ ሁለተኛው የእሳቸው እንዲሆን ሽማግሌ ፊት ተስማምተዋል። «እናንተ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ባለቤቱ የሚታወቀው በዚህ መዝገብ ነው ብላችኋል። ነገ እኔ ብሞት ልጆቼ ይኼን ስክሪን ያሳዩአታል። እሷ ማንበብ አትችልም። ግማሽ ላሟ የት እንደገባች አታውቅም።»

ከዚያ በኋላ ስለ ኮድ ስናወራ ሁሉ የማስበው እኚህን ሴት ነበር። በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።

ወንበሬን መልሼ ይዤ ሞዴሉን ከፈትሁ። «እንስሳ» ከሚለው ሣጥን ወደ «ባለቤት» የሚሄደው መስመር ጫፉ ላይ «ብዙ» ይላል። ንድፉ ልክ ነው። የተሳሳተው ንድፉን አንብቦ ኮዱን የጻፈው አመንጪ ነው። ታዲያ እኔ ጠዋት ያየሁት አረንጓዴ ምን ነበር?

ማመሳከሪያዎቹን ፈተሽሁ። ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ የሙከራ ሞዴሎች ውስጥ «ብዙ» የሚል ጫፍ ያላቸው ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ ስለ መምህርና ስለ ኮርስ ነው። አንድ ኮርስ ብዙ መምህራን አሉት። ማመሳከሪያው ግን የመጨረሻውን መምህር ብቻ ይይዝ ነበር። ከሥሩ የግንቦት ቀን አለ። ከቀኑ አጠገብ የእኔ ስም የመጀመሪያ ፊደላት አሉ።

ወዲያው አስታወስሁት። መሐንዲሱ ግንቦት ላይ የቅጹን ኮድ አሳጥሮት ነበር፤ ሦስት ቀይ በራ፤ አነበብኋቸው። አዲሱ ኮድ አጭርና ንጹህ ስለነበረ ወደድሁት፤ አጸደቅሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈተናዬ አመንጪው ያንኑ ስህተት ሳያዛንፍ መድገሙን ሲያረጋግጥ ከረመ።

«መምህር፣ አሥር ደቂቃ ይስጡኝ» አለ መሐንዲሱ። ፊቱ ቀልቷል። «አንድ መስመር ናት። አስተካክላለሁ፤ ማመሳከሪያውን ይቀይራሉ፤ ነገ ይፈርማሉ።»

እውነቱን ነበር፤ አንድ መስመር ናት። እኔም ለአፍታ ክላሰሩን አየሁት። ነገር ግን አንድ ሐሳብ መጥቶ አላስቀምጥ አለኝ፤ በአደባባይ ስሜቴን የማሳይ ሰው አይደለሁም፣ ያን ዕለት ግን ከወንበሬ ተነሥቼ በጠረጴዛዎቹ መካከል መመላለስ ጀመርሁ።

ጉኑኖ ሳለን እናቴ የግማሽ ላም ባለቤት ነበረች። ሌላው ግማሽ የጎረቤታችን ነው። ላሚቱ አንድ ሳምንት እኛ ጓሮ፣ አንድ ሳምንት እነሱ ጓሮ ትሰነብት ነበር፤ «የእኛ ሳምንት» ሲባል ወተት አለ ማለት እንደሆነ ከመቁጠር በፊት ነው የተማርሁት። በእነሱ ሳምንት ለእኔ አንዲት ኩባያ በአጥር በኩል ትመጣ ነበር። እንግዲህ በግንቦት ወር ያን ኮድ ያነበብሁት እኔ፣ በሁለት ባለቤት ወተት ያደግሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ያነበብሁት ስለ ኮርስ ነበር። ሙከራዎቼን ሁሉ ከመማሪያ መጻሕፍት ነው የወሰድኋቸው፦ ተማሪና አልጋ፣ ሠራተኛና ጠረጴዛ፣ መጽሐፍና መደርደሪያ። «ላም» የሚል ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ሰው የት ቀረ ብዬ እጠይቅ ነበር። ኮዱ ምን እንደሚል አነበብሁ እንጂ፣ ምን እንደሚያደርግ አላየሁም።

«አትንካት» አልሁት መሐንዲሱን። «መስመሯ እንዳለች ትቆይ። መጀመሪያ ፈተናው ራሱ ያግኛት።»

«የትኛው ፈተና?»

«ገና የምንሠራው።»

ከስምንት ዓመት በፊት ለክፍል ማስተማሪያ የጻፍሁት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነበረኝ። ምንም ኮድ አያመነጭም፤ ሞዴሉን ራሱን ያነብና የታዘዘውን አንድ በአንድ፣ እጅግ ቀስ ብሎ ይፈጽማል። ተማሪዎቼ ከቀርፋፋነቱ የተነሣ ይቀልዱበት ነበር። ሐሳቤ ይህ ነበር፦ አንድ ሞዴል እንወስዳለን፤ በአንድ ወገን አመንጪው የጻፈውን ፕሮግራም እናስነሣለን፤ በሌላ ወገን ያን ቀርፋፋ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ትእዛዝ እንሰጣለን፤ ላም መዝግብ፣ ባለቤት ጨምር፣ ባለቤት ቀንስ። በመጨረሻ ሁለቱንም «የማን ናት?» ብለን እንጠይቃለን። መልሳቸው ከተለያየ አንዱ ተሳስቷል። የጽሑፍ ማመሳከሪያ አያስፈልግም፤ የእኔም ዓይን አጭር ኮድ አይቶ አይታለልም።

መሐንዲሱ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዬ አስጠጋ።

«ሞዴሎቹንስ ማን ይሥላቸዋል? እንደገና እርስዎ ከሣሉ እንደገና ተማሪና አልጋ ነው» አለኝ።

ትክክል ነበር፤ ደግሞም በመዳፈሩ ደስ አለኝ። «አንተ በዕጣ የሚሥል ነገር ጻፍ። ሣጥኖቹም፣ መስመሮቹም፣ አንድና ብዙውም እንደደረሰ ይውጣ።»

«በግማሽ ሰዓት ይደርሳል።»

እንግዳችን ሰነዳቸው ታትሞ ቢሰጣቸውም አልሄዱም። በስስ ፌስታል ከያዙት፣ ቦዬ ከሚባል የተቀቀለ ሥራ ሥር፣ ለሁለታችንም አካፈሉንና ግድግዳው ጥግ ተቀመጡ። «እኔ እህቴን ሳልይዝ አልሄድም» አሉ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያውን ሙከራ አስነሣሁ። ከአሥር የማይበልጡ ሞዴሎች እንዳለፉ ቀይ በራ። ሁለት ሣጥን፣ አንድ መስመር፣ ጫፉ «ብዙ»። ቀርፋፋው ፕሮግራም ሁለት ስም ሲመልስ፣ አመንጪው የጻፈው ፈጣኑ አንድ ስም መለሰ። ፈተናው የጠፋችውን እህት፣ ማንም ሳያሳየው፣ ብቻውን አግኝቷታል።

«አሁን አስተካክል» አልሁት። አስተካከለ። ቅጹ ላይ ወንድምና እህት ጎን ለጎን ቆሙ። እንግዳችን ተነሥተው መጡና ስሟን ጮክ ብለው አነበቡት።

መሐንዲሱ «ጨረስን ማለት ነው» ሊል አፉን ሲከፍት ሁለተኛው ቀይ በራ።

ይኼኛው የባሰ ነበር። ከሁለቱ ባለቤቶች አንዱ ሲቀነስ፣ ፈጣኑ ፕሮግራም ላሚቱን ራሷን ከነክትባት ታሪኳ ይሰርዛታል። ለእንግዳችን በቀላሉ ለማስረዳት፣ «እርስዎ ድርሻዎን ለሌላ ሰው ቢያስተላልፉ ላሚቱ ከመዝገብ ትጠፋለች» አልኋቸው።

«ታዲያ ማነው የሚታለበው?» አሉ።

መሐንዲሱ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ስክሪኑን እያየ ቆሞ ነበር። ያዘነ መስሎኝ ላጽናናው ስል፣ ዞሮ «ሌላ ይጨምሩበት» አለኝ። ዓይኑ ያበራ ነበር። «መምህር፣ ይሄ ነገር ሁሉንም ያወጣዋል። ይጨምሩበት።»

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። እንግዳችን በበዴሳ ገበያ ያዩትን ሁሉ ያነሡ ጀመር፤ እኔ ወደ ሣጥንና መስመር እቀይረዋለሁ፤ መሐንዲሱ ያስነሣዋል።

«ላሚቷ በዴሳ ናት፤ አንዱ ባለቤት ተበላ ሄዶ ኖረ።»

«አለፈ።»

«አንዱ ሞተ፤ ሦስት ልጆቹ ተተኩ።»

«አለፈ።»

«በግ በጋራ ተገዛ፤ አንዱ ድርሻውን ሸጦ፣ በማግስቱ መልሶ ገዛ።»

«ቀይ» አለ መሐንዲሱ።

ሁለታችን ጎንበስ ብለን መረመርን። በዚህኛው የተሳሳተው የእኔ ቀርፋፋ ፕሮግራም ነበር፤ የተመለሰውን ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። ስምንት ዓመት ሙሉ ተማሪዎች እያስተማርሁበት አላየሁትም። መሐንዲሱ ከወንበሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ሣቀ።

«የመምህር በግ መንታ ባለቤት ወለደች» አለ።

«ከሣቅህ እኔም ግንቦትን አነሣለሁ» አልሁት።

«ግንቦትን ያጸደቁት እርስዎ ነዎት።»

«አንተ ነህ ያሳጠርኸው።»

«ሁለታችሁም ባለቤቶቹ ናችሁ» አሉ እንግዳችን። «አንዳችሁን ብቻ እንዳይመዘግብ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሚኒባስ እንዳያልቅባቸው ተነሡ። ከበሩ እስከ ባጃጁ ድረስ ሸኘኋቸው። ባጃጁ ውስጥ ከገቡ በኋላ ራሳቸውን አውጥተው፣ «ነገ ልትፈርሚ ነው?» አሉኝ። እርስዎ ማለቱን ትተው ነበር፤ ቅር አላለኝም። «ነገ እደውልልዎታለሁ» አልሁ።

ተመልሼ ስገባ መሐንዲሱ አራተኛውን ቀይ እያስተካከለ ነበር። ሙከራው እንዲቀጥል ትተነው ወጣን። በእግሬ ወደ ቤት ስሄድ ከዕድሜዬና ከልማዴ ውጭ በፍጥነት እራመድ እንደነበር የገባኝ፣ የማውቃት አንዲት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ «ምነው፣ ሰው ታሞ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው። «ደህና ነው፤ ሥራ ነው» አልኋት። እንዴት አድርጌ ልንገራት፤ ለዓመታት በጥንቃቄ የሠራሁት ነገር ግማሹ ከንቱ እንደነበረ አውቄ ነው ደስ ያለኝ።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ገባሁ። የሙከራው ውጤት ሰባት ልዩነቶችን መዝግቧል፤ አራቱን ትናንት አይተን አስተካክለናቸዋል፤ ሦስቱ አዳዲስ ናቸው። አትሜ ከክላሰሩ ጋር ያዝሁት። በሦስት ሰዓት የክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገባን፤ መሐንዲሱም አብሮኝ ነበር።

ኃላፊያችን ደብዳቤውን ገልጠው ባዶውን የፊርማ ቦታ አዩ። «ሰኞ ሦስት ወረዳ ይጠብቀናል» አሉ።

«አውቃለሁ። በጋራ የተያዘ ከብት ያለው ቤት በየቀበሌው ብዙ ነው። ትናንት ባይገኝ ኖሮ ሰኞ እነዚያን ሁሉ በትክክል ተመዝግቧል እያልን አንድ አንድ ሰው እናጠፋባቸው ነበር፤ ገና ያላስተካከልናቸው ሦስት ስህተቶችም አሉ።»

«ፈተናው አልፏል ብለሽ ባለፈው ሳምንት ሪፖርት አድርገሻል።»

«አድርጌያለሁ። የተሳሳተውን ማመሳከሪያ ግንቦት ላይ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ፤ ቀኑም ፊደሌም አለበት።» ወረቀቱን አቀረብሁላቸው።

መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኮዱን የቀየርሁት እኔ ነኝ» አለ።

ኃላፊያችን ሰባቱን ልዩነቶች በእርሳስ እየነኩ አነበቡ። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ላሚቱ ራሷ ትሰረዝ ነበር?» አሉ።

«ከነክትባቷ» አለ መሐንዲሱ።

ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። ደብዳቤው ሳይፈረም እንዲመለስ፣ የሦስቱ ወረዳዎች ጅማሮ በሁለት ሳምንት እንዲገፋና ለወረዳዎቹ ምክንያቱ ሳይሸፋፈን እንዲጻፍላቸው ተወሰነ። ከእንግዲህ የትኛውም ለውጥ ሁለቱ ፕሮግራሞች ሳይስማሙ በእኔ ፊርማ ብቻ አያልፍም፤ የበዴሳው ባለሙያም እስከ ጅማሮው ድረስ በየሐሙሱ እየመጡ ጥያቄ እንዲያቀርቡ በደብዳቤ ይጠየቃሉ። የጥሪውን ደብዳቤ እዚያው ቁጭ ብዬ አረቀቅሁት፤ በዚያ ጠዋት የፈረምሁትም እሱን ብቻ ነው።

ከዚያ ለእንግዳችን ደወልሁላቸው። ውሳኔውን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው።

«እህቴስ?» አሉ።

ከአዲሱ የፈተና ዝርዝር አናት ላይ ሁለት ባለቤት ያላት ላም እንድትቀመጥና እሷ ሳታልፍ ሌላው ፈተና እንዳይጀመር መወሰኑን ነገርኋቸው።